ተመልካች ወይስ ጨፋሪ?
በሩንዳ ስለ ተጀመረው የባህል ጭፈራ ምሽት የቀረበ ሂስ



ይህች ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር መጽሔታችን እስከ ዛሬ ስለ ግጥም፣ ስለ አጭር ልብ ወለድ፣ አልፎ አልፎም በካምፓችን ስለ ታዩ ትያትሮች ሂስ ስታቀርብ ቆይታለች። ስለ ጭፈራ ግን ጽፋ አታውቅም። ጭፈራ የደስታ ነገር ነው፣ ደስታ ደግሞ ሂስ አይወድም የሚል ሐሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ ስላለ ይመስላል። ነገር ግን ስደተኛ የሚጨፍረው ደስ ስላለው ብቻ አይደለም። ከማን ጋር እንደሆነ ለማወቅ፣ ልጁም የማን ልጅ እንደሆነ እንዲያውቅ ጭምር ነው። ስለሆነም ጭፈራ ሲበላሽ የሚበላሸው የአንድ ማታ ጨዋታ ብቻ አይሆንም።

ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነው በናይሮቢ ከተማ፣ ሩንዳ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ወገናችን ግቢ ውስጥ የተጀመረው ተከታታይ የባህል ጭፈራ ምሽት ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ማታ ይካሄዳል። ዓላማው፣ በመጥሪያው ወረቀት ላይ እንደ ተጻፈው፣ አዲስ ሰዎችን ማቀራረብና በስደት የተወለዱ ልጆች የወላጆቻቸውን ጭፈራ እንዲያውቁ ማድረግ ነው። ይህ ጸሐፊ ለሕክምና ናይሮቢ በሰነበተበት ጊዜ ሦስቱን ምሽቶች ተመልክቷል። አዘጋጆቹን በስም መጥራት አያስፈልግም፤ ሂሱ ለሥራው እንጂ ለሰዎቹ አይደለምና። እዚህ ካኩማም ወጣቶቻችን ተመሳሳይ ነገር ለመጀመር እየተመካከሩ ስለሆነ፣ ከመጀመራችን በፊት ብንነጋገርበት ይበጃል።

በመጀመሪያ የተደከመበትን ማመስገን ይገባል። ስምንት ወጣቶች የአገር ልብስ ለብሰው የጎጃሙንና የወሎውን እስክስታ፣ የትግርኛውን፣ የኦሮምኛውንና የጉራጊኛውን ጭፈራ በተከታታይ አሳይተዋል። ከበሮ መቺው እጁ የተባ ነው። ማሲንቆው በካሴት ሳይሆን በሰው እጅ ተመቷል። ቡናው ተፈልቶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ እንግዳው በክብር ተስተናግዷል። በመጀመሪያው ምሽት መቀመጫ ጠፍቶ የቆመ ሰው ነበር።

በሁለተኛው ምሽት ግን ግማሹ ወንበር ባዶ ሆነ። በሦስተኛው የመጡት ተወዛዋዦቹ፣ የተወዛዋዦቹ ዘመዶችና ቡና ያፈሉት ሴቶች ነበሩ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። አዘጋጆቹ ይህን የማስታወቂያ ጉድለት ነው ብለው ተጨማሪ ወረቀት ለመበተን ወሰኑ። እዚህ ላይ ነው ከእነርሱ ጋር የምንለያየው። ሰዉ ባለ መስማቱ አልቀረም። ሰምቶ፣ መጥቶ፣ አይቶ ነው ያልተመለሰው። ያልሰማን ሰው በወረቀት መጥራት ይቻላል። መጥቶ የቀረውን ሰው ግን ወረቀት አይመልሰውም፤ ምን አይቶ እንደ ቀረ መመርመር ያስፈልጋል።

እንግዲህ እንመርምር። ወንበሮቹ እንደ ሲኒማ ቤት በረድፍ ተደርድረው ፊታቸውን ወደ ምንጣፉ መልሰዋል። ስምንቱ ወጣቶች በምንጣፉ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ሲወዛወዙ እንግዳው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያያል፣ በየመሐሉም ያጨበጭባል። በመጨረሻ፣ ሰዓቱ ሲመሽ፣ «አሁን ሁላችሁም ተነሡ!» የሚል ጥሪ ይሰማል። በዚያን ጊዜ የሚመታው ግን ከሁሉ የፈጠነው፣ ትንፋሽ የሚያሳጣው እስክስታ ነው። የሚችለው ይነሣል፣ የማይችለው ወንበሩን ይበልጥ ይጠብቃል። በመጀመሪያው ምሽት አንዲት እዚያው ናይሮቢ የተወለደች ልጅ ደፍራ ተነሥታ ነበር። ትከሻዋ እንቢ ብሏት እጇን ስታወራጭ ሰው ሳቀ። ሳቁ የክፋት አልነበረም። ልጅቱ ግን ከዚያ በኋላ አልታየችም።

አበው «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። አንድን ጥበብ ለአንድ ሰዓት አሳምሮ ካሳዩ በኋላ በአንዲት ደቂቃ «በል ያዘው» ማለት ግብዣ አይባልም። እንዲያውም ትርኢቱ ባማረ ቁጥር እንግዳው «እኔ እንደዚህ አልችልም» የሚለው ሐሳብ ይጸናበታል። የምሽቱ ውበት ራሱ በር ዘጋ ማለት ነው።

ይህ አሠራር ከየት መጣ? የሩንዳ ወጣቶች የፈጠሩት አይደለም፤ ከእኛ ከታላላቆቻቸው የወረሱት ነው። የአገራችን ዘፈንና ጭፈራ ከሜዳ ወደ መድረክ የወጣበትን ታሪክ እናስታውስ። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ሲቋቋም ሕዝቡን ለመጣው ጦርነት የሚያነቃቃው በንግግርና በዘፈን ነበር። በኋላ ይኸው ማኅበር ትያትር ቤት ሆኖ የባህል ውዝዋዜን በመድረክ ካስለመዱት አንዱ ሆነ። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ትያትር ቤት ተከፈተ። በደርግ ዘመን ደግሞ ኪነት ያላቋቋመ ቀበሌ ማግኘት የሚያስቸግር ሆነ፤ ከወሎ ላሊበላ፣ ከጎንደር ፋሲለደስ፣ ከጎጃም ግሽ ዓባይ የተባሉት የኪነት ቡድኖች ስማቸው በአገሪቱ ናኘ። በ1980 ዓ.ም. ሕዝብ ለሕዝብ የተባለው ታላቅ ቡድን፣ በ1977ቱ ረሀብ ጊዜ እጃቸውን ለዘረጉ አገሮች ምስጋና ለማቅረብ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ እየተዘዋወረ የብሔረሰቦችን ጭፈራ አሳየ። የዚያ ትርኢት ቪዲዮ ያልገባበት የስደተኛ ቤት ጥቂት ነው።

እነዚህ ሥራዎች ትልቅ ዋጋ ያላቸው ናቸው። የወሎው ሰው የከፋን፣ የሐረሩ የአክሱምን ጭፈራ ያየው በእነርሱ ነው። ነገር ግን ሕዝብ ለሕዝብ የተዘጋጀው ለባዕድ ተመልካች ነበር። የለንደን ሰው ተነሥቶ እስክስታ እንዲመታ አይጠበቅበትም፤ አይቶ፣ አድንቆ፣ አጨብጭቦ ቤቱ እንዲገባ ነው። የምንኖርባት አገር ኬንያም እ.ኤ.አ. በ1971 ቦማስ ኦቭ ኬንያን ስታቋቁም የብሔረሰቦቿን ጭፈራ በሙያተኛ ቡድን ለጎብኚ ማሳየት አንዱ ሥራው እንዲሆን አድርጋለች። ለጎብኚ ይህ ተገቢ ነው። ጉድለቱ የሚመጣው ለባዕድ የተሰፋውን ልብስ ለገዛ ልጃችን ስናለብሰው ነው። በየስደቱ አገር የምናዘጋጀው የባህል ምሽት ሁሉ የሕዝብ ለሕዝብ ትንሽ ግልባጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ለእያንዳንዱ ብሔረሰብ ሦስት ደቂቃ፣ ልብስ መቀየር፣ ጭብጨባ። የገዛ ወገናችንን በገዛ ባህሉ ላይ ጎብኚ አደረግነው።

በአገር ቤት ሜዳ ላይ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። የትግራይን ጓይላ ውሰዱ። ከበሮው መሐል ሆኖ ሰዉ በዙሪያው ክብ ሠርቶ ቀስ ብሎ ይራመዳል። መራመድ የማይችል የለምና ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ከሌላ አገር የመጣው እንግዳ ሁሉ ይገባል። ከበሮው የሚፋጠነውና ትከሻ ለትከሻ የሚገጠመው በኋላ፣ ሰዉ ከሞቀ በኋላ ነው። ነሐሴ 16 ቀን የሚጀምረውን የሰቆጣን ሻደይና የላስታን አሸንድዬ ውሰዱ። ታናሿ ልጅ ከታላላቆቿ ኋላ ሆና ትቀበላለች፣ ታጨበጭባለች፤ የዛሬ ተቀባይ ከጥቂት ዓመት በኋላ አውራጅ ትሆናለች። በሠርግ ቤትም ቢሆን ከአውራጁ ቀጥሎ ተቀባይ፣ ከተቀባዩ ቀጥሎ አጨብጫቢ፣ ከአጨብጫቢው ቀጥሎ እልል ባይ አለ። ለማንኛውም ሰው በልኩ የተሰጠ ሥራ አለው። ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ እጁን ስላጨበጨበ ጨዋታው ውስጥ ነው፤ ጭብጨባው ቢቋረጥ ዘፈኑ ይጎድላልና። በሩንዳ የነበረው ጭብጨባ ግን ዘፈኑ ካለቀ በኋላ የመጣ ጭብጨባ ነው። በሁለቱ ጭብጨባዎች መካከል ያለው ልዩነት የዚህ ሂስ ጠቅላላ ሐሳብ ነው።

በመድረክ የለመደውን ጭፈራ ወደ ሜዳ መመለስ ይቻላል ወይ ለሚል ሰው ከሃንጋሪ አገር አንድ ምሳሌ እናምጣለት። እዚያም እንደ እኛ አገር የገጠሩ ጭፈራ በመንግሥት ዘመን አመጣሽ ቡድኖች እጅ ገብቶ የመድረክ ነገር ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 1972 በቡዳፔስት ከተማ በአንድ የመጻሕፍት ክበብ ውስጥ የአራት ቡድኖች ተወዛዋዦች ያለ ተመልካች ለራሳቸው ብቻ ሊጨፍሩ ተሰበሰቡ። አርአያ ያደረጉት በትራንሲልቫንያ የሚገኘውን የሴክን መንደር ሲሆን፣ በዚያ መንደር ወጣቶች ቤት ተከራይተው በሙዚቃ ይጨፍሩ ነበር። ስሙንም «የጭፈራ ቤት» አሉት። ብዙ ሳይቆይ ክርክር ተነሣ፤ ምሽቱ ለሚችሉት ብቻ ይሁን ወይስ ለማንም ይከፈት? ቲማር ሻንዶር የተባለው የአንደኛው ቡድን መሪ በሩ ይከፈት ከሚሉት ወገን ሆኖ፣ ከመንገድ ለመጣ ሰው ሁሉ እርምጃ ማስተማር ጀመረ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በአገሪቱ ተስፋፍቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ዩኔስኮ ባህልን ለመጠበቅ መልካም አርአያ ነው ብሎ መዘገበው።

ምሳሌው ከእኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ። የጭፈራ ቤቱን ወጣቶች በዕውቀት ከደገፉት ሊቃውንት አንዱ ዲዮርጅ ማርቲን ነበር። ይህ ሰው ከሙዚቃ ተመራማሪው ከባሊንት ሻሮሺ ጋር እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የጭፈራችንን ዓይነቶች አጥንቷል፤ በ1967ም ስለ እነርሱ ጥናት አሳትሟል። እንግዲህ የእኛን ክብ በዓይኑ ያየ ሰው በቡዳፔስት የተዘጋውን በር ለመክፈት ከረዱት አንዱ ሆነ ማለት ነው።

ከቅርባችንም ምሳሌ አይጠፋም። በአዲስ አበባ ካዛንቺስ የነበረው ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት፣ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ አብሮ እስኪፈርስ ድረስ፣ እንግዳ ጥግ ይዞ የሚቀርበት ቤት አልነበረም። ባለቤቱ መላኩ በላይ ዝናው ዓለምን የዞረ ተወዛዋዥ ነው። ጥበቡን ያዳበረው ግን በዚያው ቤት በሽልማት እየኖረ፣ ከመድረክ ሳይሆን ከሰው ፊት ቆሞ ነው። የአዝማሪ ቤት ተወዛዋዥ ወደ ተቀመጠው እንግዳ ይሄዳል፣ ፊት ለፊቱ ቆሞ ትከሻውን ይሰብቃል፣ እንግዳውም ሳይወድ በግዱ ትከሻው ይነቃነቃል። ያ እንቅስቃሴ ጥሩ ይሁን መጥፎ የሚለካው የለም። መልስ ነው፤ ሰላምታን መመለስ ማለት ነው። ታላቁ ተወዛዋዥ ወደ ጀማሪው ይሄዳል እንጂ ጀማሪው ወደ ታላቁ አይጠራም። የሩንዳ ስምንት ወጣቶች ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢያደርጉ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ እንግዳ ፊት ቢቆሙ፣ ምሽቱ ሌላ ምሽት ይሆናል።

ስለ ቦታውም መናገር ግድ ነው። ሩንዳ ከናይሮቢ በስተ ሰሜን፣ ከካሩራ ደንና የተባበሩት መንግሥታት መሥሪያ ቤቶች ካሉበት ከጊጊሪ አጠገብ ያለ ጸጥታ የሰፈነበት የባለጸጎች ሰፈር ነው። ግቢውን የፈቀደው ወገናችን ቸርነቱ ይመሰገናል። ግን አዲስ የመጣ ስደተኛ የሚያድረው ኢስሊ ነው። ከኢስሊ መሐል ከተማ አንድ ማታቱ፣ ከመሐል ከተማ ወደ ሰሜን ሌላ ማታቱ፣ ከአውራ ጎዳናው ወርዶ ደግሞ በእግር። ከዚያ ዘበኛው አግዳሚውን ሳያነሣ «ወደ ማን ቤት ነው?» ይለዋል። ወረቀቱ ገና ያልተስተካከለለት ሰው፣ ፖሊስ በተጠራ ቁጥር ልቡ የሚደነግጥ ሰው፣ ይህን ጥያቄ በማያውቀው ቋንቋ ይመልስ? ቢያልፍስ በሌሊት እንዴት ይመለሳል? መጥሪያው ወረቀት «ሁላችሁም ተጋብዛችኋል» ይላል። ዘበኛው ግን ያንን ወረቀት አላነበበም። ስለዚህ ምሽት የሚለው ቀርቶ ከቀትር በኋላ ይሁን፤ አንድ ሰው ከመንገዱ ላይ ሆኖ እንግዳ ይቀበል፤ ሌላውን ቅዳሜ ደግሞ ጭፈራው ራሱ ተነሥቶ ወደ ኢስሊ ይሂድ። ክብ እግር አለው፤ ግቢ ግን እግር የለውም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። በሦስተኛው ምሽት፣ መጨረሻ ላይ፣ ጨዋታው ሲሞቅ፣ ከወጣቶቹ አንዱ ፉከራ ጀመረ። ዱላ ተነሣ፣ ድምፅ ከፍ አለ፣ ያወቀው አጀበ። በጥግ በኩል ተቀምጠው የነበሩ ሁለት እናቶች ቡናቸውን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሄዱ። ከየት እንደ መጡ የጠየቀ የለም። ግን እኛ ካምፕ ውስጥ የምንኖር ሰዎች መጠየቅ አያስፈልገንም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ነበረ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሣ። በኦሮሚያም የሰው ደም ሲፈስ ቆይቷል። በእነዚህ ዓመታት ዘፈንና ፉከራ ለሁሉም ወገን ጦር መሣሪያ ሆኖ አገልግሏል። ለአንዱ የአያቱን ጀግንነት የሚያስታውሰው ዜማ ለሌላው ቤቱ የተቃጠለበት ዕለት በሬዲዮ ሲዘፈን የነበረ ዜማ ነው።

አንዳንዶች «እንግዲያውስ የብሔረሰብ ዘፈን ይቅርና ገለልተኛ የሆነውን ብቻ እንጫወት» ይላሉ። ይህ መፍትሔ አይሆንም። ገለልተኛ ጭፈራ የሚባል የለም፤ ሁሉም ከአንድ መንደር የተወለደ ነው። የሚሻለው ሥርዓት ማበጀት ነው። ፉከራና ቀረርቶ የጦር ሜዳ ልጆች ናቸውና እንግዳ በሚቀበል ክብ ውስጥ ቦታ አይኑራቸው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሁሉም የሚራመደው ዝግ ያለ ክብ ይሁን። በየሁለት ሳምንቱ የአንድ አገር ጭፈራ ይመረጥ፤ የሚያስተምረውም ልብሱን የተዋሰ ሳይሆን የዚያው አገር ሰው ይሁን። የሸጎዬን እርምጃ የሐረር ልጅ ያሳይ፣ የጓይላውን የአድዋ ልጅ፣ የዋግን የሰቆጣ ልጅ። በዚህ መንገድ ትናንት በጥግ የተቀመጠችው እናት ዛሬ መምህር ሆና ትነሣለች። ከሁሉ የበለጠው ግብዣ «ነይ እንይሽ» አይደለም፤ «ነይ አስተምሪን» ነው። የጎንደር ልጅ ከአድዋ ሰው እርምጃ ሲማር፣ የወለጋው የወሎን ሲቀበል፣ ለዚያች ሰዓት እንኳ ቢሆን አንዱ የሌላውን እግር እያየ ነው እንጂ ብሔሩን እየጠየቀ አይደለም።

«ጀማሪ ሲበዛ ጥበቡ ይወርዳል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። የተለማመዱት ወጣቶች ሥራቸው አይጣል፤ ሰዉ ሁሉ አንድ ጊዜ ከተነሣና ካላበው በኋላ፣ ክቡ መሐል ገብተው አሥር ደቂቃ ያሳዩ። ያን ጊዜ የሚያያቸው ሰው እርምጃውን በእግሩ ሞክሮታልና የሚያየውን ያውቀዋል። ማሲንቆ ነክቶ የማያውቅ ሰው ድምፁን ይሰማል፤ የነካው ግን የመቺውን ችሎታ ጭምር ይሰማል። ጥበብን የሚጥላት የጀማሪ ብዛት ሳይሆን የአዋቂ ተመልካች ማነስ ነው።

ለማጠቃለል፣ የሩንዳው ምሽት የተሠራው በበጎ ልብ ነው፣ ሙያም አልጎደለውም። የጎደለው ለአዲስ ሰው የተተወ ቦታ ነው። ሥራው መመዘን ያለበት ስንት ሰው አጨበጨበ ተብሎ ሳይሆን፣ ቆሞ የማያውቅ ስንት ሰው ቆመ፣ ከቆመውስ ስንቱ በሁለተኛው ቅዳሜ ተመለሰ ተብሎ ነው።

ለእኛም ለካኩማ ነዋሪዎች ነገሩ ይቀልላል። ከአዳራሽ በፊት ሜዳ አለን፤ አግዳሚ የለበትም። ከበሮ አለን። ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው አለን፤ በየጊዜው አዲስ የሚደርስም አለ። ያ አዲስ የደረሰው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚጠራው ለስም ምዝገባና ለራሽን ሰልፍ ብቻ ነው። በስሙ የሚጠራበት፣ እጁ የሚፈለግበት ሌላ ቦታ ብናበጅለት ምንም ገንዘብ አያስወጣንም። ወጣቶቻችን ስለዚህ ጉዳይ በሚመካከሩበት ጊዜ የልብስ ግዢውን ከማሰባቸው በፊት ይህን ቢያስቡ እንመክራለን።

የተለየ አስተያየት ያላችሁ፣ በተለይም የየአገራችሁን ጭፈራ አጀማመርና ለጀማሪ የሚሰጠውን ቦታ የምታውቁ እናቶችና አባቶች፣ ለጸሐፊዎቻችን ንገሩን። መጻፍ የማይመቻችሁ ብትኖሩ እናንተ ተናገሩ፣ እኛ እንጽፋለን። በሚቀጥለው እትም ይወጣል።